ይቅርብህ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ድንኳን ዛሬም ፎቶ ለጠፈ። ጠዋት ዓይኔን ሳልጠርግ የማየው የሱን እግር ሆኗል። ሁለት ጫማ፣ ከጫማው በታች ጭጋግ፣ ከጭጋጉ በታች ምን እንዳለ እግዜር ይወቅ። ከፎቶው ሥር እንዲህ ይላል፦ «ኪኒን የሰነፍ ምርኩዝ ነው። ተራመዱ፤ በሽታው ራሱ ደክሞት ይተዋችኋል።» አርባ አንድ ሰው ልብ ሰጠው። አርባ አንድ!

ይኼ ግሩፕ ሲጀመር አራት ነበርን። አንድ ክፍል የተማርን አራት ሰዎች፤ መብራት ሠራተኛው ሽቦ፣ ፊዚክስ የሚያስተምረው መምህሩ፣ የመሬት ቅየሳ ሥራውን ጥሎ ሰው እየመራ ተራራ ለተራራ የሚያዞረው ድንኳን፣ እና መድኃኒት ቤት የምሠራው እኔ። እኔን ኪኒን ይሉኛል። ስለ ስልክ፣ ስለ ሳይንስ፣ ስለ ጤና፣ ስለ እግር ጉዞ ሐሳብ እንለዋወጣለን ተባብለን ነበር። ዛሬ ስልሳ ስምንት ሆነናል። ግማሹን አላውቀውም፣ ሁሉም ግን ሐኪም ነው።

እዚህ ደብተር ላይ ካልጻፍኩት የትም አልጽፈውም፤ ድንኳን የሚጥል በሽታ አለበት። ከሚስቱና ከሐኪሙ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ቢሰማበት ማን ተከትሎት ገደል አፋፍ ይወጣል? በየወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ በጓሮ በር ይመጣል፣ ማዘዣውን ያሳየኛል፣ ፍሬዎቹን በቡናማ ከረጢት ተቀብሎኝ ሹልክ ይላል። አሥራ አንድ ዓመት። ለመጨረሻ ጊዜ ከጣለው ሰባት ዓመት አልፎታል። ሰባቱን ዓመት በማን ምርኩዝ እንደቆመ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። አርባ አንዱ ግን አያውቁም።


ዓርብ፣ ጥቅምት 7

መምህሩ ሕግ አወጣ። መቼም ጠመኔ የያዘ እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው መልስ ሲሰጥ የሚመልስለትን መልእክት ነክቶ ከሥሩ ይመልስ። አየር ላይ መመለስ ክልክል ነው። በተለይ ኪኒን!»

በተለይ ኪኒን ያለው ለትናንቱ ነው። ሽቦ አዲስ ስልክ ልግዛ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ እኔም ስቲከሬን ላክሁ። ለካ በመሃል አንዱ «እሑድ ባለቤቴንም ይዣት ልምጣ?» ብሎ ጽፎ ኖሯል፣ ስቲከሬ ቀጥ ብሎ ከሱ ሥር ወደቀ። ባለቤቱም ግሩፑ ውስጥ ናት። ስልሳ ስምንት ሰው ተንከተከተ።

ስቲከሩን ሽቦ ነው ለልደቴ የሠራልኝ። የኔ ፊት ነው። መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ ወርዶ፣ አንድ ቅንድቤ ተሰቅሎ፣ ጥርሴን ገልፍጬ እስቃለሁ። ከሥሩ በቀይ «ይቅርብህ» ይላል። እውነቱን ለመናገር እወደዋለሁ። ጨው በሞቀ ውኃ በጥብጬ ልጠጣ? ይቅርብህ። ነጭ ሽንኩርት ጆሮዬ ውስጥ ልክተት? ይቅርብህ። ስንት ዓመት የተማርኩት ሁሉ እዚያች አንድ ቃል ውስጥ ገብቶ ያልቃል። ሕጉን ግን አልከተልም። ለማን እንደመለስኩ ያልገባው አይግባው።


እሑድ፣ ጥቅምት 9

ሽቦ ደግሞ ዛሬ ትምህርት ሰጠ። የላካችሁትን መልእክት ነካ አድርጋችሁ ስትይዙት ተቀባዩ በስንት ሰዓት እንዳነበበው ይነግራችኋል ይላል። ከነደቂቃው! ሁሉም «ውይ፣ ተባረክ» አለው። ለቅናተኛ ካልሆነ ለጤነኛ ሰው ይኼ ምን ይሠራል? እማዬ እንኳ ሰምታኝ ሳቀች። «በኛ ጊዜ ሰውየው አንብቦ ዝም ካለሽ ደብዳቤው ጠፋ ብለሽ ትጽናኚ ነበር» አለች።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

ጨስኩ። ዛሬ ጨስኩ።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ አንዲት እናት መጡ። የደም ግፊት ደንበኛዬ ናቸው፣ ስምንት ዓመት አውቃቸዋለሁ። ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ቆሙ፣ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል። «እማማ፣ ምን ሆኑ?» አልኳቸው። «ኪኒኑን ትቼው ነው መሰለኝ» አሉ። ማን ተዉ አላቸው? «ያ የተራራው ልጅ። ልጄ ከስልኩ አነበበችልኝ። ተራመዱና ተዉት ይላል። ተራመድኩ እኮ!» ወንበር ሰጠሁ፣ ለካሁ፣ ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። ታክሲ ጠርቼ ካሸሯን አስከትዬ ክሊኒክ ላክኋቸው።

ከዚያ ግሩፑ ውስጥ ጻፍኩ። ስድብ አልጻፍኩም። ኪኒን ያለ ሐኪም ምክር አታቋርጡ፣ በዚህ ወሬ ምክንያት ዛሬ አንዲት እናት ሊወድቁብኝ ነበር አልኩ። ድንኳን ምን ብሎ ቢመልስ ጥሩ ነው? «ጫማ ሻጭ በባዶ እግራችሁ ሂዱ ብሎ አይመክርም!» ሠላሳ ሦስት ሰው ሳቀ። መምህሩ እንኳ ሳቀ! ሽቦ የሚስቅ ስቲከር ላከ። እኔ ነኝ ጫማ ሻጯ። እኔ፣ በወር በወር በጓሮ በር እሱን የማጫማው!

«ከመድኃኒት ቤቱ በጓሮ በር በየወሩ የሚወጣው ባለ ባርኔጣ ማነው?» ብዬ ጻፍኩ። ጣቴ መላኪያው ላይ ነበር። እማዬ ከኋላዬ መጥታ «ማንን ልትነክሺ ነው?» አለችኝ፤ ከፊቴ ነው ያወቀችው። አጠፋሁት። እሷ ግን አልተወችኝም። «ድሮም አንቺ የምትወጂውን ሰው ነው የምትነክሺው» አለች።

ኤዲያ!


ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ድንኳን ለብቻዬ ጻፈልኝ።

«ኪኒን» ይላል አንዱ መልእክት። «ቀልድ እኮ ነው» ይላል ሁለተኛው። «አኮረፍሽ?» ሦስተኛው። ከሁለት ሰዓት በኋላ አራተኛው ደረሰ፦ «እንዴ።»

ሰውዬው አንድ ዓረፍተ ነገር እንደ ሽንኩርት ሳይከትፍ መላክ አይችልም። ኔትወርክ በሌለበት ስለሚውል ደግሞ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ሲመሽ ይደርሳል። ለሱ መመለስ ማለት ቁጭ ብሎ እስኪጨርስ መጠበቅ ማለት ነው። ማን ጊዜ አለው? አልመለስኩለትም።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ሥራ። ወረፋ። ሳል የያዘው ሁሉ ዛሬ መጣ። ድንኳን የፏፏቴ ፎቶ ለጥፏል፣ ሃምሳ ሁለት ልብ። አላየሁትም እንጂ ካሸሯ ነገረችኝ። እኔ መቁጠር ትቻለሁ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ። ጓሮ በሩን ከውስጥ ቀረቀርኩት።

አንኳኳ። አልከፈትኩም። እንደገና አንኳኳ፣ ከዚያ ዞሮ በፊት ለፊት ገባ፣ ባርኔጣውን እንደደፋ። ሰባት ሰው ተሰልፏል። ቀጥ ብሎ ወደ ባንኮኒው መጥቶ ዓይኑን ጣለብኝ። እኔም «ይሰለፉ እባክዎ» አልኩት። አንቱ አልኩት! አንድ ዴስክ ላይ ስድስት ዓመት አብሬው የተቀመጥኩትን ልጅ፣ ኩርማን ዳቦ ለሁለት የገመጥኩትን ልጅ፣ አንቱ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሄዶ ተሰለፈ። ከፊቱ የነበረችው ሴት ዞራ ስታየው ጮኸች፤ ለካ ከእሑድ ተጓዦቹ አንዷ ናት። «አንተም መድኃኒት ቤት ትመጣለህ እንዴ? ጉድ እኮ ነው!» ሰው ሁሉ ዞረ። «ለተጓዦች የቁስል ፕላስተር ልገዛ ነው» አላት። ተራው ሲደርስም ፕላስተር አለ። ፕላስተር ሰጠሁት። መልሱን ሳይቀበለኝ ወጣ።

ካሸሯ «ሰውዬውን ምን አድርገሽው ነው?» አለችኝ። ምን አደረግኩት? ሁሉም ሰው ይሰለፋል። እማማ በዚያ ግፊታቸው ተሰልፈው የለም? ከረጢቱ መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ሲፈልገው ይመጣል፤ ሰኞ ይመጣል። የት ይሄዳል!


ሰኞ፣ ኅዳር 8

አልመጣም። ጓሮ በሩን ከፍቼ ነው የዋልኩት፤ ለአየር ነው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 10

በጥድፊያ ነው የምጽፈው። ቀትር ላይ ድንኳን ለብቻዬ ጻፈልኝ፦ «ነገ ጎህ ሲቀድ ሸንተረሩን ላቋርጥ ነው፣ ሦስት ቀን፣ ብቻዬን።» ብቻውን! ሰውዬው አብዷል? ስቲከሬን ላክሁለት። ካኮረፍኩ ወዲህ የጻፍኩለት የመጀመሪያ ቃል ናት፣ ትበቃዋለች።

ከዚያ ስልኬ ደጋግሞ ተንጫጫ፤ ደንበኛ ነበረብኝ፣ አላየሁትም። ሲመሽ ሳየው «እሺ። አመሰግናለሁ ኪኒን» ብሏል። ጉዞውን ተወው ማለት ነው። ጎሽ።

ከረጢቱን ከመሳቢያው አውጥቼ ጓሮ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ አኖርኩት። እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ወንበሩ የተመቸ አይደለም።


ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ሄዷል። ጠዋት ከሸንተረሩ ግርጌ ፎቶ ለጥፏል፣ ዱላና የጀርባ ቦርሳ። ይቅርብህ ተብሎ የሚሄድ ሰው እንግዲህ ራሱ ያውቃል።

ሁለት ጊዜ ደወልኩለት። የደወሉላቸው ደንበኛ አይገኙም ይላል። ለምን ደወልኩ? ሰው ለጓደኛው አይደውልም እንዴ!


ዓርብ፣ ኅዳር 12

ምንም አልለጠፈም። ባትሪው አልቆ ነው። እዚያ ኔትወርክ የለም። ሁልጊዜም የለም። ለእማማ የግፊታቸውን ስሰጥ ፍሬውን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ፣ ሁለት ጊዜም ተሳሳትኩ። «ልጄ፣ ታመሻል?» አሉኝ።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ወድቋል። ሚስቱ ግሩፑ ላይ ጻፈች። በሕይወት አለ። ዳሌው፣ መንጋጋው። ራሱን አያውቅም። ሌላ አልጻፈችም።

በሕይወት አለ። በሕይወት አለ።


እሑድ፣ ኅዳር 14

ዛሬ ሥራ የለም። ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ያገኘው የደን ጠባቂ ነው። ዓርብ ከሰዓት ወድቆ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው የተገኘው፤ ሌሊቱን ከቁጥቋጦ ተደግፎ አድሯል። ጠባቂው «አዳልጦት ነው» ብሎ ተናግሯል፣ ግሩፑም አዳልጦት ነው ብሎ ተቀብሏል። ከዚያማ ምን ያልተባለ አለ! መምህሩ ስለ ሰበቃ ረጅም ጽሑፍ ጻፈ፣ እርጥብ ድንጋይና የጫማ ሶል፣ ከነቀመሩ። ሽቦ ያለህበትን ለሳተላይት የሚናገር የጣት ያህል መሣሪያ አለ፣ ሁላችንም እንግዛ አለ። አንዷ ጫማውን ረገመች። አንዱ «ጀግና የሚወድቀው ተራራ ላይ ነው» ብሎ ሰማንያ ልብ አገኘ። ስልሳ ስምንት ሰው ሰማንያ ልብ እንዴት ይሰጣል? ግሩፑ እየጨመረ ነው። ሰው ሲወድቅ ተመልካች አይጠፋም።

እማዬ ሾርባ ሠርታ ስታበቃ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ስትል እኔን ያየችኝ መሰለኝ። አላየችኝም። ድስቱን ነው ያየችው።

አዳልጦት አይደለም። ጥሎት ነው። እኔ አውቃለሁ፣ ሚስቱም ታውቃለች።

መልእክቶቹን ደግሜ አነበብኳቸው። «ነገ ጎህ ሲቀድ ሸንተረሩን ላቋርጥ ነው» የሚለውን አየሁና «ይቅርብህ» አልኩ። ግን እሱ አልጨረሰም ነበር፤ መቼ ይጨርሳል! ስቲከሩን እስክልክ ሁለት መልእክት ቀድሞኝ ገብቷል። አንዱ «ኪኒኑ ሁለት ፍሬ ነው የቀረኝ» ይላል። ሌላው «ለሦስት ቀን ባልወስደው ምን ይለኛል? ወይስ መጥቼ ልውሰድ?» ይላል። ከዚያ ሥር እኔ። ጥርሴን ገልፍጬ። ይቅርብህ።

መጥቼ ልውሰድ? ይቅርብህ።

እኔ ጉዞውን ነው ያልኩት። ጉዞውን! ቀሪዎቹን ሳላይ ነው የላክሁት፣ ካየኋቸውም ሲመሽ ነው፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው! የመምህሩን ሕግ ተከትዬ ነክቼ መልሼ ቢሆን… የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የጣትስ?

ለግሩፑ ምን ልበል? እውነቱን ብናገር የሱን ምስጢር ነው የማወጣው። ስለዚህ ዝም እላለሁ። ለሱ ብዬ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 16

ሆስፒታል ሄድኩ። ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ፤ መንጋጋው በሽቦ ለታሰረ ሰው ብርቱካን! ራሱን አውቋል፣ ግን ተኝቶ ነበር፣ በሩ ላይ ብቻ ቆምኩ። ውስጥ ሐኪሙ ሚስቱን ሲጠይቃት ሰማሁ። «መድኃኒቱን አቋርጥ ብሎ የመከረው ሰው አለ?» አላት። «ማንም» አለች።

ብርቱካኑን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥቼ ወጣሁ።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ሚስቱ መጣች።

ሁለት ሰው ብቻ ነበር የተሰለፈው። «ነይ፣ በዚህ ግቢ» ብላት አልሰማችኝም። ተሰለፈች። ተራዋ ሲደርስ ማዘዣ አላወጣችም፤ ስልክ ነው ባንኮኒው ላይ ያኖረችው። የሱን ስልክ። መስተዋቱ ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ መሃል እኔ አለሁ፣ መነጽሬ አፍንጫዬ ጫፍ ላይ፣ እየሳቅኩ።

«ይኼ ምን ማለት ነው?» አለችኝ።

«ጉዞውን ነው ያልኩት። ጉዞው ይቅርብህ ነው ያልኩት። መልእክቶቹ በመሃል ገብተው ነው እንጂ እኔማ…»

«እሱም እንደዚያው ነው የሚለኝ። ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ‹እሷ ጉዞውን ነው ያለችኝ፣ አጣምሜ የተረዳሁት እኔ ነኝ፣ እንዳትናገሪያት› አለኝ። ማልልኝ ሳልለው በልጆቻችን ማለ።»

እፎይ አልኩ። አዎ፣ ያን ጊዜ እፎይ ብያለሁ። አየችኝ።

«እኔ ግን ሽቦ እንዳስተማረን ነካ አድርጌ ያዝኩት» አለች። «‹መጥቼ ልውሰድ› የሚለውን። ረቡዕ፣ ሰባት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ አንብበሽዋል። እሱ ከቤት የወጣው ሐሙስ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።»

ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ ጉሮሮውን ጠረገ። ካሸሯ መሳቢያዋን ስትከፍት ስትዘጋ ይሰማኛል።

«አሥራ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ» አለች። «እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስፌት ሲጣመምብኝ እፈታዋለሁ። አንቺ ያን ሁሉ ሰዓት አንዲት ቃል መፍታት አቃተሽ?»

ከመሳቢያው ከረጢቱን አወጣሁላት፤ በስሙ ያሰርኩት ያው ከረጢት። አልነካችውም። ስልኩን በመሐረብ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 24

ሰው በገዛ ደብተሩ ላይ ሲዋሽ ምን ይባላል? አንባቢ የለኝ፣ ጠያቂ የለኝ።

አይቼዋለሁ። ደንበኛ አልነበረብኝም። ከጀርባ ክፍል ምሳዬን እየበላሁ ነበር፣ ሹካዬን በግራ እጄ ይዤ። ሁለቱንም አነበብኩ። ስቲከሬ የት እንደወደቀም አየሁ። «ጉዞውን ነው ያልኩት፤ ኪኒኑን ና ውሰድ» ለማለት ስድስት ቃል ነው። ጣቴ ሄዶ ነበር። ያኔ «እሺ። አመሰግናለሁ ኪኒን» የሚለው ገባ። እና ይኼን ልጻፈው፣ ደስ አለኝ። አመሰግናለሁ ማለቱ ደስ አለኝ። ይፍራ፣ ይጨነቅ፣ በእግሩ መጥቶ በሩን ያንኳኳ፣ «ምርኩዜን ስጪኝ» ይበል አልኩ። ሲመሽ ይመጣል አልኩ። ደፋር የሚሆነው ፎቶ ላይ ነው፣ ያለ ኪኒን ንቅንቅ አይልም አልኩ። ከረጢቱን በሩ አጠገብ ያኖርኩት ለዚህ ነው። የተቀመጥኩት ሲለምነኝ ለማየት ነው።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መብራቱን ሳጠፋ ደንግጬ ነበር። አሁንም መደወል እችል ነበር። ነገ ጠዋት ቀደም ብዬ እደውላለሁ አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይኼ ነው።

ያልገባኝ አንድ ነገር ነበር። እሱ ግሩፑ ላይ የሚቀባጥረውን ሁሉ ይቀባጥር እንጂ እኔን ያምነኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከእጄ የሰጠሁትን ሁሉ ምንነቱን ሳይጠይቅ ውጧል። ይቺንም ቃል ዋጣት።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ምዬ የለ? ጠዋት መስተዋት ፊት ቆምኩ። ሁለቱም በቦታቸው ናቸው። ይብላኝ ለኔ።


ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ጻፍኩለት። ሰላምታ የለ፣ ማስተዛዘኛ የለ። «ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ አንብቤዋለሁ። አጣምመህ እንደተረዳኸው አውቄ ዝም አልኩህ። እልህ ይዞኝ ነው። ይቅር በለኝ።» በአንድ መልእክት፣ ሳልከትፍ።

ወዲያው አነበበው። ነካ አድርጌ ያዝኩት፣ ሦስት ሰዓት ከአርባ ይላል። እኔም ቅናተኛ ሆንኩ።

አልመለሰም።


ሰኞ፣ ኅዳር 29

ድንኳን ግሩፑ ላይ ጻፈ፣ ከአልጋው ላይ ሆኖ። እንደ ልማዱ ቆራርጦ፣ በሰባት መልእክት። የሚጥል በሽታ አለብኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ። አላዳለጠኝም። ኪኒኔን አቋርጬ ነው። ምርኩዝ ነው ያልኩት እኔ ነበርኩ፣ ስትከተሉኝ የነበረው ባለ ምርኩዝ ነው። ሰው መምራት ትቻለሁ። በኔ ቃል መድኃኒቱን የተወ ካለ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይሂድ።

ስለ እኔ አንድ ቃል የለም።

አንድም ሰው አልሳቀም። ከዚያ መውጣት ጀመሩ። እገሌ ወጣ፣ እገሊት ወጣች እያለ ስልኩ ራሱ ይቆጥራል። አሥራ ዘጠኝ ሰው ወጣ። «ጀግና» ብሎ የጻፈው ሰውዬ የመጀመሪያው ነው። ሽቦና መምህሩ ለብቻዬ ደወሉ፤ «አንቺ ታውቂ ነበር?» ይላሉ። አውቅ ነበር አልኳቸው። መምህሩ «አምላኬ፣ ስለ ሰበቃ ሁለት ገጽ ጻፍኩኮ» ብሎ አለቀሰ። የሱ ለቅሶ እንኳ ከኔ የተሻለ ነው፤ አላወቀም ነበር።

እኔም ከሥሩ ልጽፍ ነበር። ደንበኛ መጣብኝ።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 4

የወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ።

ጠዋት ጓሮ በሩን ከፈትኩ። ለአየር አይደለም። የወሩን ፍሬ ቆጥሬ ከረጢት ውስጥ ከተትኩና ወንበሩ ላይ አኖርኩ። ዳሌው የተሰበረ ሰው እንደማይመጣ አጥቼው አይደለም። ሚስቱ ትመጣ ይሆናል ብዬ ነው። ወይ ሰው ትልካለች። እማዬ ልትጠይቀኝ መጥታ በሩን አየች፣ ከረጢቱን አየች፣ ሌላ ወንበር ስባ አጠገቡ ቁጭ አለች።

አምስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እሱ ነው።

«ይቅር» ይላል።

ብቻዋን። ይቅርብሽ ሊለኝ ይሁን፣ ይቅር ብያለሁ ሊል፣ ነገሩ ይቅር ሊል፣ ምኑን አውቄ። እየጻፈ ነው ይላል ከላይ። ቆመ። እንደገና እየጻፈ ነው። ጣቴን ከስልኩ አነሳሁ። እጄን ከወገቤ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ደንበኛ ነበረብኝ፣ እውነተኛ ደንበኛ፣ ሁለት ሰው። «አንድ ጊዜ ይታገሱኝ፣ ጓደኛዬ እየተናገረ ነው» አልኳቸው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ እሱን እስኪጨርስ ጠበቅኩት።

«ብዬሻለሁ።»

እማዬ ፊቴን አይታ ከወንበሯ ተነሳች። ግን አልጨረሰም። አሁንም እየጻፈ ነው።

«ኪኒኑን ግን»

«ሚስቴ ከሌላ ቦታ ነው የምትገዛልኝ።»

እየጻፈ ነው። ቆመ። እየጻፈ ነው።

«ጓሮ በሩን ዝጊው።»

ከዚህ በኋላ ሩብ ሰዓት ጠበቅኩ። ሌላ አልመጣም። ጨርሷል። የመጨረሻዋን መልእክት ነክቼ፣ ልክ መምህሩ እንዳዘዘን ከሥሯ «እሺ» አልኩት።

ከዚያ ግሩፑን ከፈትኩ። የሱን የሰኞ ጽሑፍ ፈልጌ፣ «ኪኒኔን አቋርጬ ነው» የሚለውን ነክቼ፣ ከሥሩ ጻፍኩ፦ «ልውሰድ ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የተሳሳተ መልስ እንደደረሰው እያየሁ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ኪኒን።» ማንም ልብ አልሰጠኝም። አንብበውታል ግን፣ ሰዓቱ ይታያል።

ደንበኞቼን አስተናገድኩ። ከረጢቱን ፈትቼ ፍሬዎቹን ወደ መደርደሪያቸው መለስኩ። እማዬ ወንበሩን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፣ እኔም በሩን ዘጋሁ።